በጕልበት ውስጥ የበራ መብራት

ጕልበቱ የተመታ ሰው አጥንቱ ካልተሰበረ «ወለምታ ነው» ተብሎ መሸኘቱ የቆየ ልማድ ነበረ። ጅማት በራጅ አይታይም፤ ያበጠውን ጕልበት ሐኪሙ በእጁ ሊፈትነው ሲልም ሕመምተኛው ጡንቻውን ስለሚገትር መላላቱ ይሰወራል።

በ1918 በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ኬንጂ ታካጊ የተባለው የቶኪዮ ሐኪም የፊኛ መመልከቻ መሣሪያን በአስከሬን ጕልበት ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። በቲቢ በሽታ የደረቀ ጕልበት፣ ተንበርክኮ መቀመጥን ለለመደ ሕዝብ ብርቱ ጉዳት ነበረና። የእርሱ ደቀ መዝሙር ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሻለው፤ በ1962ም በዚሁ መንገድ የተቀደደ የጕልበት ልም አጥንት ቆርጦ አወጣ። ካናዳዊው ሮበርት ጃክሰን ከዋታናቤ ዘንድ ተምሮ ጥበቡን ወደ ሰሜን አሜሪካ አሻገረ።

በ1980 አሜሪካዊው ፍራንክ ኖይስና ባልደረቦቹ፣ ከአደጋ በኋላ ደም የቋጠሩ፣ በእጅ ሲፈተኑ ግን ያልላሉ የመሰሉ 85 ጕልበቶችን በመሣሪያው መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከመቶ 72ቱ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማታቸው በከፊል ወይም ፈጽሞ ተበጥሶ ተገኘ።

ዛሬ ኤምአርአይ ጅማትን ሳይቀደድ ስለሚያሳይ፣ ለምርመራ ብቻ መሣሪያ ማስገባቱ ቀንሷል። ትምህርቱ ግን አላረጀም፤ ደም የቋጠረ ጕልበት ወለምታ ተብሎ በችኮላ ሊሸኝ አይገባውም።