በየቤታችን ስለሚሰቀለው የወረቀት ሥዕል

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚሄድ ሰው፥ በብዙው ቤት በጭቃው ግድግዳ ላይ በራስጌ በኩል በጨርቅ የተጋረደ የእመቤታችንን የወረቀት ሥዕል ያያል። ሥዕሉም በበዓለ ንግሥ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ አለዚያም ከገበያ በጥቂት ገንዘብ የተገዛ ነው። አንዳንድ ሰዎች ግን «ይህ ማተሚያ ያወጣው ነው እንጂ የአባቶች እጅ የሣለው አይደለም» እያሉ ሲያቃልሉት ይሰማል። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ታሪኩን በአጭሩ ማመልከት የሚገባ ሆኖ አገኘነው። ዘመኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ በሣላቸው ሥዕሎችና እነርሱን በመሰሉት ዘንድ፥ እመቤታችን አበባ ይዛ፥ ሕፃኑም አንዳንድ ጊዜ ወፍ ይዞ ይታያል። ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ስንል በዓይነ ልቡናችን የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ እርሷ እጆቿን አመሳቅላ መሐረብ ይዛ፥ ልጇም በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው እጁ ሲባርክ ነው።

ይህ አሣሣል የመጣው በሮማ ከተማ በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ከሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል ነው። በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ፍራንቸስኮ ቦርጃ ከፓፓው ፈቃድ ተቀብሎ ቅጂውን አስሣለ። ቅጂውም በእጅ እየተሣለ፥ በወረቀትም እየታተመ ወደ ልዩ ልዩ አገር ተላከ፤ ጎጃም ውስጥ ቆለላ ድረስ ሰፍረው በነበሩት ሚስዮናውያን ዘመንም ወደ አገራችን ገባ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለቀቁ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ሰዎቹ ተሰደዱ፥ ሥዕሉ ግን ቀረ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቁመው የራሳችን አደረጉት። እንዲሁም በ1591 በሮማ በዓረብኛ ከታተመው ወንጌል ሥዕሎችን እያዩ በብራና ላይ ሥለዋል። እንግዲህ የአባቶቻችን እጅ ራሱ ከታተመ ወረቀት ተምሯል ማለት ነው።

ቅጂ ሌላም ጥቅም አለው። ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ የነበረው «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታችን ሥዕል በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ ከአገር ወጣ። ዛሬ መልኩን በአገራችን የምናውቀው የቀደሙት ሠዓሊዎች በብራናና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስለ ቀዱት ነው።

ነገር ግን ቅጂ ዋናውን ይጠብቃል እንጂ አይተካም። አዲስ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ገዝቶ፥ ከአያቱ የወረሰውን በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው፥ ልጆቹ መልሰው የማያገኙትን ሀብት ይሰጣል። ስለዚህ ወረቀቱን ከጢስና ከእርጥበት በመስተዋት ጠብቀን በክብር እንስቀለው፤ አሮጌውንም ሥዕል ቢደበዝዝ እንኳ ከቤታችን አናውጣው። ማኖር ያልተቻለው ቢኖር ወደ ደብሩ ዕቃ ቤት ያግባው።