ድስቱን ያሰበረው ሰው

ቻይንኛ ስጀምር የሚያስቸግረኝ ድምፁ መስሎኝ ነበር። ሀሁ ቆጥሮ ላደገ ሰው ግን ጉዱ ፊደሉ ነው፤ ማታ ሃያ ጊዜ የጻፍኩት ጠዋት ብን ብሎ ይጠፋል።

ያዳነኝ «ፖ ፉ ቸን ጆው» የሚባል ባለ አራት ፊደል ፈሊጥ ነው፤ ድስቱን ሰብሮ ጀልባውን ማስጠም። ታሪኩን የጻፈው ሲማ ቺየን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ207 የቹ ጦር አዛዥ ሺያንግ ዩ፣ ጁሉ ላይ የተከበቡትን ሊያድን የጃንግን ወንዝ ተሻገረ። ከዚያ ጀልባዎቹን አሰጠመ፣ ድስቶቹን አሰበረ፣ ለወታደሩ የሦስት ቀን ስንቅ ብቻ አስያዘ። መመለስ የለማ! የቺንን ጦር ድል ነሡት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊደሎቹ ይታዩኝ ጀመር። «መስበር» በግራው ድንጋይ ይዟል፣ «መስጠም» ደግሞ ውሃ። የድስቱ ፊደል ላዩ «አባት»፣ ታቹ «ብረት» ነው። አባት ማድ ቤት ምን ይሠራል? የገባው ለድምፁ ነው፣ «ፉ» ተብሎ እንዲነበብ።

ፈሊጡ ለቆራጥ ሰው ሙገሳ ነው። የሺያንግ ዩን መጨረሻ ግን አይነግርም። በ202 በልዩ ባንግ ተሸንፎ ዉጂያንግ ወንዝ ዳር ደረሰ። የአካባቢው ሹም ጀልባ አዘጋጅቶ ላሻግርዎ ቢለው እምቢ አለ። አብረውት ከተሻገሩት ስምንት ሺህ ወጣቶች አንድም አልተመለሰም፤ በምን ፊቱ ወላጆቻቸውን ይይ? እዚያው ራሱን ገደለ።

እኔ «ጆው»ን ስጽፍ የምትታየኝ ያቺ ሳይሳፈርባት የቀረችው ጀልባ ናት።