ትምባሆ በአርሲ ደጋ፦ ከንጉሥ እገዳ እስከ ፍሬ ሲጋራ

የሮቤንና የአሰላን ከተሞች የትምባሆ ታሪክ የሚመረምር ሰው የሰሜኑን ታሪክ እንዳለ ወደ አርሲ እንዳያሻግር መጠንቀቅ አለበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን መከልከላቸውን የዘመኑ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር የሚለውን ግን እገዳው ምን ያህል እንደተፈራ ማሳያ አድርገን ብናነበው ይሻላል እንጂ በየቀኑ ይፈጸም ለነበረ ቅጣት ማስረጃ አናደርገውም። አርሲ በራስ ዳርጌ ዘመቻ ለምኒልክ የገባው ከዓመታት ብርቱ ተጋድሎ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ነውና የዮሐንስ ትእዛዝ ከዚያ በፊት በዚህ ደጋ በመንግሥት ኃይል ሊጸና አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1942 ትምባሆ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ሲገባ፣ ቀድሞ በዘውድ የተወገዘው ነገር የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ። እንደ ኒያላ ያሉት ሲጋራዎች ከአዲስ አበባው ፋብሪካ ወጥተው በጅምላ ነጋዴ፣ ከዚያም በሱቅ በኩል እስከ ወረዳ ከተሞች ዘለቁ።

ትልቁ ተቃርኖ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 ሲያጸድቅ፣ የአገሪቱ የትምባሆ ድርጅት ዋና ባለድርሻ ራሱ መንግሥት ነበር። ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የድርጅቱን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመትም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥንም ሆነ ሲጋራን በፍሬ መቸርቸርን ከለከለ። በከተሞቹ መናኸሪያ ዙሪያ ግን የተከፈተ ፓኬት ከማስቲካና ከሶፍት ጎን ተቀምጦ፣ ላይተሩ በክር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የቀን ሠራተኛው ፓኬት የሚገዛበት ገንዘብ ባይኖረው የአንድ ፍሬ ዋጋ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ቁጥሩ ዝቅተኛ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን አገራዊ አማካይ የድሃ ሰፈርን የመናኸሪያ ዳር ለይቶ ስለማያሳይ፣ ከዚህ ተነስቶ «ችግሩ እዚህ የለም» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በፓኬት የጣለው 8 ብር ለሃያ ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ አዋጁ በማምረቻ ወጪ ላይ የጣለው 30 በመቶ ቢጨመር እንኳ፣ በፍሬ የሚገዛው ሰው ጭማሪውን የሚከፍለው ተቆራርሶ ነው። ስለዚህ በእኛ ሚዛን የአዋጅ ቁጥር 1112/2011 እውነተኛ ፈተና ያለው በፍሬ ችርቻሮው ላይ ነው፤ የወረዳ ተቆጣጣሪዎችም ክትትላቸውን ከዚያ ይጀምሩ።