ሦስት እግር ስንደዶ

ሣርን ማን ይተክላል? ሣር ይበቅላል እንጂ አይተከልም፤ ይታጨዳል፥ ይከደናል፥ ይጎዘጎዛል፥ ለከብት ይሰጣል። እኔ ግን በሌሞ፥ ከሆሳዕና ከተማ ዳር በሠራናት ቤት ደጃፍ፥ ለሣር ገንዘብ ከፍያለሁ። ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ብር ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና፥ ማታ ስገባ ዓይኔ የሚያርፍበት አረንጓዴ ምንጣፍ ተመኘሁ። የውጭ አገር ሣር ከችግኝ ሻጭ ገዝቼ ደጁን ሞላሁት። ቦታ ለማስለቀቅም በአጥሩ ጥግ የነበረውን ሦስት እግር ስንደዶ በዶማ ነቀልኩት።

እናቴ ቆማ ታየኝ ነበር። «ሣር ነቅለህ ሣር ልትተክል ነው?» አለችኝ በሀዲይኛ። መልስ አልሰጠኋትም።

ክረምቱ ደግ ነበርና ምንጣፉ አማረ። ኅዳር ሲያልፍ ጫፉ ቀላ፤ በጥር ጨርሶ ቢጫ ሆነ። በጀሪካን እያስቀዳሁ ማጠጣት ጀመርኩ። ጎረቤት ለመጠጥ ውኃ በሚሰለፍበት ወር እኔ ሣር ማጠጣቴ ግን አሳፈረኝና ተውኩት። ምንጣፉም በሁለት ሳምንት ውስጥ አቧራ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ጓሮ ስዞር፥ ከእንሰቱ ጀርባ ሦስት እግር ስንደዶ ቆሞ አየሁ። እናቴ እኔ የጣልኩትን አንሥታ ተክላው ኖሯል። አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ አልደረሰውም።

ስለ ሣር ማንበብ የጀመርኩት በዚያ በጋ ነው። ያነበብኩትም ይበልጥ አሳፈረኝ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ አቢሲኒያ ጉዞው የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1814 ሲያሳትም፥ ስመ ጥሩው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ያዘጋጀውን የዕፅዋት ዝርዝር በመጨረሻው ላይ አያይዞ ነበር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ፔኒሴተም ቪሎሰም የሚባል አንድ ሣር ተመዝግቧል፤ ስሙ ብቻ፥ ያለ ምንም መግለጫ። ከ1831 እስከ 1833 ደግሞ የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እስከ ጎንደር ድረስ ተጉዞ የሰበሰበውን ለከተማው ለሴንከንበርግ ሙዚየም አስረከበ። የሙዚየሙ ሊቅ ፍሬሴንየስም በ1837 የዚያን ሣር መልክና ጠባይ ጽፎ አወጣ። ይህ ሣር የስንደዶ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘለላው እንደ ለስላሳ ነጭ ላባ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ስንደዶም ቢሆን ከሊቃውንቱ ዓይን አላመለጠም። በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ፥ በ1878 እስኪሞት ድረስ አብዛኛውን ዕድሜውን በትግራይ የኖረ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር፤ ዊልሄልም ሺምፐር ይባላል። ፔኒሴተም ሺምፐሪ የሚለው የስንደዶ የሳይንስ ስም ለእርሱ መታሰቢያ የወጣ ነው፤ ዛሬ ሊቃውንቱ በሌላ ስም ይጠሩታል። ሰፌድና መሶብ ሲሰፉበት የኖሩት እናቶች ስም ግን በየትኛውም የሳይንስ መዝገብ አልገባም።

ነጩ ዘመዱ ከመዝገብ ወጥቶ ወደ አትክልት ስፍራ ተሻገረ። ጀርመናዊው አትክልተኛ ካርል ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ሣርና ፈርን ወደ አትክልት ስፍራ እንዲገቡ ተሟገተ፤ ከእርሱ በኋላ ሣር ከአበባ እኩል የጌጥ ተክል ሆነ። የብሪታንያው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ለኛው ነጭ ሣር የብቃት ሽልማት ሰጥቶታል። ብርዱ ስለሚገድለው በዚያ አገር ብዙዎች በየዓመቱ እንደ አዲስ ይዘሩታል። በዘር ነጋዴዎች ዘንድ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «የአቢሲኒያ ላባ» እንደ ማለት ነው። እኔ የሰው አገር ሣር ስገዛ፥ የሰው አገር ሰው የእኔን አገር ሣር ይገዛ ነበር።

የእነዚህ ሣሮች ጥበብ ከላይ አይታይም። ሥራቸው እንደ ክር ጥቅጥቅ ብሎ አፈሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅጠላቸው ቀጭን ነውና ለፀሐይ የሚያሳጣው ገጽ ጥቂት ነው። ምግባቸውን የሚያዘጋጁትም፥ እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ፥ ውኃን በሚቆጥብ መንገድ ነው። ፍግ ሲበዛባቸውና ውኃ ሲተኛባቸው ይልፈሰፈሳሉ እንጂ አይበረቱም። ክረምት ሲገባ እግሩን ከፍሎ መትከል፥ በበጋው መጨረሻ ደረቁን ማጨድ፤ የሚፈልጉት እንክብካቤ ከዚህ ብዙም አያልፍም።

ነገር ግን የትም ይተከል አልልም። ሌላው ዘመዱ ፔኒሴተም ሴታሲየም ለጌጥ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወስዶ ከአትክልት ስፍራ ካመለጠ በኋላ፥ ደረቅ ቅጠሉ እሳት እየሳበ የአገሬውን ዕፅዋት አጥፍቷል። በባዕድ አገር ጌጥም ጥፋትም የሆነው ሣር በተወለደበት ምድር ልኩን ያውቃል፤ ከብቱም፥ ማጭዱም፥ የእናቶችም እጅ ልኩን ያሳየዋል።

በባንክ ቤት ሒሳብ የሚዘጋው የወጣውና የገባው ሲተካከል ነው። የእኔ ሣር ሒሳብ ግን እስካሁን አልተዘጋም፤ በዶማ ስነቅል የሚያየኝን ዓይን ምን አድርጌ እንደምከፍለው አላውቅም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ከእንሰቱ ጀርባ ያለውን እግር ከፍዬ፥ አቧራ በሆነው ደጃፍ ዘጠኝ ቦታ ተከልኩት። በመስከረም ዘለላው ሲወጣ እናቴ ማጭድ ይዛ መጣች። እኔ ለጌጥ እንዲቆም ፈልጌ ነበር። እርስዋ ለሰፌዷ አገዳውን መረጠች፥ አጨደች፥ ነዶውን በብብቷ ይዛ ገባች። ከዘጠኙ ግን ሁለቱን ሳትነካ ትታልኛለች።