ሁለት አምበሎች በፖርትማን ሮድ

እስቲ ቀረብ በሉና ስለ ሁለት አምበሎች ላውጋችሁ። አንዱ ማርክ ጌሂ ነው፤ አቢጃን ተወልዶ ለንደን ያደገ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑ፣ በጊዜው የክሪስታል ፓላስ ተከላካይ የነበረ። ሌላው ሳም ሞርሲ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተወልዶ ለግብፅ የተጫወተ ሙስሊም፣ በጊዜው የኢፕስዊች ታውን አማካይ የነበረ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2024፣ የኖቬምበር ማለቂያ። ፕሪሚየር ሊጉ ስቶንዎል ከሚባል ድርጅት ጋር የሚያካሂደው ዘመቻ ነበር። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በስታዲየም እንዳይሰደቡ፣ እንዳይገለሉ ነበር ዓላማው። ለዚሁ ሲባል የ20ዎቹ ክለቦች አምበሎች በክንዳቸው የሚያስሩት ባለ ቀስተ ደመና መታሰሪያ ተሰጣቸው።

ኖቬምበር 30 ፓላስ በሜዳው ከኒውካስል ተጫወተ። ጌሂ መታሰሪያውን አልገፋም፤ አሰረው። ግን በቀለማቱ ላይ በጥቁር ማርከር «ኢየሱስን እወዳለሁ» ብሎ ጽፎበት ነበር። ያን ቀን ኳስ በራሱ መረብ ላይ አሳርፎ፣ ጓደኞቹ በባከነ ሰዓት ነው አንድ ለአንድ ያወጡት። በማግስቱ ግን ስለ ጎሉ ብዙም የሚያወራ አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ የእጅ ጽሑፉ ሆነ።

የእግር ኳስ ሕግ አራተኛው አንቀጽ ግልጽ ነው፤ በተጫዋች ትጥቅ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊም ሆነ የግል መፈክር አይፈቀድም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ይህንኑ ለክለቡ አስታወሰ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ብራዚላዊውን ካካን ታስታውሱታላችሁ? በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ማሊያውን አውልቆ «የኢየሱስ ነኝ» የሚል ነጭ ካኔተራ ለብሶ ተንበረከከ። በ2009 ብራዚሎች ጆሃንስበርግ ላይ ክብ ሠርተው ሲጸልዩ የዴንማርክ እግር ኳስ ማኅበር ቅሬታ አሰማ። በ2014 ደግሞ ሕግ አውጪዎቹ ከማሊያ ሥር ምንም ዓይነት መፈክር እንዳይታይ ከለከሉ፤ መልካሙንም ክፉውንም።

ወደ ሰዎቻችን እንመለስ። ዲሴምበር 3 ማታ ፓላስ ወደ ኢፕስዊች ሜዳ፣ ወደ ፖርትማን ሮድ ሄደ። አምበሎቹ ፊት ለፊት ቆሙ። ጌሂ ማስጠንቀቂያውን ሰምቷል፤ ሆኖም ቀስተ ደመናው ላይ አሁንም ጽሑፍ አለ፤ «ኢየሱስ ይወዳችኋል» ይላል። ሞርሲ ክንድ ላይ ደግሞ ቀስተ ደመናው የለም፤ ያሰረው የተለመደውን ነው። ከ20ዎቹ አምበሎች አላስርም ያለው እሱ ብቻ ነበር። ክለቡ ምክንያቱ እምነቱ መሆኑን ገልጾ፣ ዘመቻውን እንደሚደግፍ፣ የአምበሉን ውሳኔም እንደሚያከብር ተናገረ። የፓላሱ ማቴታ አገባ፤ ፓላስ አንድ ለዜሮ አሸነፈ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በሕጉ ፊት ጥፋተኛ የሚሆነው ያላሰረው ሳይሆን አስሮ የጻፈው ነው። ሕጉ የሚያየው ጽሑፉን እንጂ ልቡን አይደለም። የሕጉ ምክንያት ይገባኛል፤ ዛሬ አንዱ የፍቅር ቃል ቢጽፍ ነገ ሌላው የጥላቻ ይጽፋል፤ ዳኛ በፉጨቱ መካከል የሃይማኖት ቃል ሊመዝን አይችልም። ከስድብ ሽሽት ኳስ ማየት የተወ ደጋፊ እንዳለም አውቃለሁ፤ የዘመቻው ከለላ ይገባዋል፤ ለእሱ ብዬም አዝናለሁ። ነገር ግን ያ ጨርቅ ባዶ ሆኖ አልመጣም፤ መልእክት ይዞ ነው የመጣው። አንድን ሰው «በክንድህ ተናገርልን» ካሉት በኋላ፣ የራሱን ሁለት ቃል ሲጨምርበት እንደ ወንጀለኛ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጌሂም መልእክቴ የፍቅርና ማንንም ያላገለለ ነው ሲል ነው የመለሰው። አባቱም ማንንም አላስቀየመም ብለው ቆሙለት።

ማኅበሩ ሁለቱንም አልቀጣም። ደግ አደረገ እላለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሜይ 17 ጌሂ ዌምብሌይ ላይ ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን አነሳ፤ ለፓላስ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። ኢፕስዊች ወረደ፤ ሞርሲም ወደ ኩዌት ተሻገረ። ሊጉ በዚያው ክረምት ከስቶንዎል ጋር የነበረውን ስምምነት አቋረጠ። የአራተኛው አንቀጽ የመፈክር ክልከላ ግን እንዳለ ነው፤ ሊጉ ለአምበሎች መልእክት ያለበት ጨርቅ ዳግም ያደለ ቀን ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል።