ወታደሩ አንድ ነው፣ ሐውልቱ ግን ባለቤት አለው

ሰሞኑን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የትግላችንን ሐውልት ማን ነው ያሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ረዘም ስለሚል እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው ይህ ሐውልት በ1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ተመረቀ። የዚያድ ባሬን ወረራ ለመመከት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና አብረዋቸው ለተሰዉት ኩባውያን መታሰቢያ ነው። የደርግ መንግሥት ሲያሠራው የረዳችው ሰሜን ኮሪያ ናት።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ያኔ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከሰሜን ኮሪያ ጦር ጋር ተዋግተው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ይሄዱ ነበር። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች!

ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ጣልያን በ1928 ሲወርረን ጃንሆይ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ለዓለም ጮኹ፤ የደረሰልን አልነበረም። ደቡብ ኮሪያ ስትወረር ግን ኢትዮጵያ ዝም አላለችም። ሚያዝያ 1943 ከክብር ዘበኛ የተመረጡት ወታደሮች በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዘው ፑሳን ገቡ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው፣ በማያውቁት ተራራና በረዶ ላይ ተዋጉ። በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ሻለቃዎች እየተተካኩ ዘመቱ። ከ120 በላይ ተሰዉ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም! ቁስለኛም ሆነ አስከሬን ጥለው አይመለሱም ነበር። ከደመወዛቸው እያዋጡም ወላጅ ያጡ የኮሪያ ሕፃናትን አሳድገዋል።

በ1960 ጃንሆይ ራሳቸው ቹንቾን ከተማ በቆመላቸው ሐውልት ምረቃ ላይ ተገኙ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስትሆን የነዚህ ሰዎች ጀብዱ የማይነሳ ወሬ ሆነ። ሜዳሊያውን ሳጥን ውስጥ የደበቀ ብዙ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ለቃኘው አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ ተሠራለት። በ2003 የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት መጥተው አበባ አኖሩ።

ተራው የካራማራ ሆነ። የካቲት 1970 ካራማራን ያስለቀቀው ሠራዊት፣ ከ1983 በኋላ «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተበተነ። ቀኑ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ደረጃ ሳይከበር አለፈ፤ ገና በቅርቡ ነው ባለሥልጣን ትግላችን ሐውልት ሥር ቆሞ ሲያከብረው ያየነው።

አያችሁ፣ ወታደሩ አልተለወጠም። የሞተው አንዴ ነው። የሚለዋወጠው የቤተ መንግሥቱ ወዳጅና ጠላት ነው። ሐውልት ይሠራ፣ አበባም ይቀመጥ፤ አልቃወምም። ግን አበባው ሲቀመጥ «ያ በሕይወት የተረፈው አካል ጉዳተኛ ጡረታው ምን ያህል ነው? የሟቹ ልጆችስ የት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ መኖር አለበት።

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ የዘመተ አባት ካለ ዛሬውኑ ሂዱና አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «አባባ፣ ማን ጋር ነበር የዘመቱት? ከጓደኞችዎ ማን ቀረ?» በሏቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ በስልካችሁ ቅረጹ። የሰማችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለልጆቹ ክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።

ለወደቁት ሁሉ ክብር ይሁን!