ከፓስ እስከ ፋይዳ

በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዳርቻ በነበረችውና ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ በምትገኘው ኮልፌ፣ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ እንግዳ በፖሊስ ሠራዊት ሠፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት «ዴቪድ ሞትሳማዪ» ይላቸዋል። እውነተኛ ስማቸው ኔልሰን ማንዴላ ነበር።

እኚሁ ሰው ከሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ መጋቢት 19 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአገራቸው የመታወቂያ ደብተራቸውን በሰው ፊት አቃጥለዋል። «ፓስ» የተባለው ያ ደብተር ጥቁሩ ሰው የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚሠራ ይወስን ነበር፤ ያልያዘው ይታሰራል። እንግዲህ አንዱን ሰነድ አቃጥለው ሌላውን ይዘው ተጓዙ። ጠባቸው ከወረቀቱ ጋር አልነበረም፤ ወረቀቱ ከሚሠራው ሥራ ጋር ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን ወለደ፤ ቀበሌም መታወቂያን። በቀበሌ ቤት ተገኘ፣ ከኅብረት ሱቅ ስኳር ተወሰደ። በዚያው በቀበሌ ግን በቀይ ሽብር ዘመን ቤት ተፈተሸ፤ ኋላም ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ታፈሰ። ደርግ ካለፈም በኋላ «ብሔር» የምትለው መስመር ብዙ ዓመት በመታወቂያው ላይ ቆየች፤ ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር የምታስፈራውም እርሷ ነበረች። ስለዚህ ዛሬ ሰው «አሻራዬን ለምን ፈለጋችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ትዝታ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ብሔርንና ሃይማኖትን አይጠይቅም። ይህ ትልቅ እርምት ነው። ከገጠር መጥቶ በኮልፌ አጠና ተራ እንጨት የሚሸከም ወጣት መሸኛ ከሌለው ወረዳው አያውቀውም፤ ባንክም አያውቀውም። በምስክር ተመዝግቦ ቁጥሩን ካገኘ ለእርሱ በእርግጥ ፋይዳ አለው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ በመሆኑ፣ ያልተመዘገበ ሰው ከደጅ ይቀራል።

የማንዴላ ደብተር ወረቀት ነበርና ሊቃጠል ቻለ። አሻራ ግን አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። ለዚህም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕዝቡ ፋይዳን ከልቡ የሚቀበለው ማስታወቂያ ስለበዛ አይደለም፤ ይህ ሕግ መረጃውን ያለአግባብ የነካ ሹም ሲጠይቅበት ባየ ዕለት ነው።